ስኳር ካቆምኩ ወዲህ ማይግሬኑ ባሰብኝ፤ አሁኑኑ ስኳር ልጠጣ?

ባንድ ዓይን፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። የግራ ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው፤ ይሄን ራሱ የምጽፈው ባንድ ዓይኔ እያየሁ ነው። ማይግሬኑ የቆየ ነው። ስኳር አንጎል ላይ ችግር ያመጣል ሲባል ሰምቼ ከትናንት በስቲያ ጣፋጭ ነገር በሙሉ አቆምኩ። ይሻለኛል ስል ጭራሽ ባሰብኝ። ስኳር በውሃ በጥብጬ ልጠጣ ወይስ ልቻለው?

የሌሊት ወፍ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ስልኩን ዝጋና ጨለማ ክፍል ተኛ።

ነጭ ጋውን፦ ትንሽ ላብራራ። አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ገደማ ነው። ከምናቃጥለው ኃይል ግን 20 በመቶ ያህሉን የሚወስደው እሱ ነው። ዋና ነዳጁ ግሉኮስ የሚባለው ስኳር ነው፤ ይህ ነው የሚባል ክምችት ስለሌለው በየደቂቃው ከደም ይቀበላል። የማይግሬን አንጎል ደግሞ ለውጥ አይወድም። ምግብ መዝለል ብዙዎች ላይ ሕመሙን የሚያስነሳባቸው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ግን ጣፋጭ ተወ ማለት አንጎል ተራበ ማለት አይደለም። ዳቦውም ሩዙም ሆድ ሲገባ ግሉኮስ ይሆናል፤ ሳንበላ ስንቆይም ጉበት ያመርታል። በባዶ ሆድ ስኳር ብትጠጣ ግን በደም ውስጥ ያለው ስኳር ሽቅብ ይወጣና ኢንሱሊን መልሶ ያወርደዋል። አንዳንድ ሰው ላይ ከልክ በላይ ይወርዳል።

ፌዘኛው፦ እኔ ደህና ነበርኩ፤ ይሄን አንብቤ ራሴን አመመኝ።

ጸጥታ፦ ጨለማ ክፍል፣ ውሃ፣ እንቅልፍ።

የሌሊት ወፍ፦ ከላይ ብያለሁ እኮ።

አሮጌ ታማሚ፦ መጀመሪያስ ጥፋተኛው ስኳር ነው ያለው ማነው? ማይግሬን ሕመሙ ከመምጣቱ ከሰዓታት በፊት፣ አንዳንዴም ከአንድ ሁለት ቀን ቀድሞ ይጀምራል። ያዛጋል፣ አንገት ይይዛል፣ ጣፋጭ ያሰኛል። እኔ ስንት ዓመት ቸኮሌትን ስረግም ኖሬ፣ ለካ ቸኮሌት ያማረኝ ማይግሬኑ ስለጀመረኝ ኖሯል! አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ስኳሩን በምን ነበር የምትወስደው?

ባንድ ዓይን፦ በቡና ነዋ። ያለ ስኳር ስለማይጥመኝ ቡናውንም ተውኩት። በቀን አራት ስኒ ነበር። ቁርሴም እሱ ነበር። ደግሞ እህት ነኝ እንጂ ወንድም አይደለሁም።

ፌዘኛው፦ ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ!

አሮጌ ታማሚ፦ በይ ተገኘ እህቴ። ቡና ውስጥ ያለው አነቃቂ፣ ካፌይን፣ በድንገት ሲቋረጥ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ራስ ምታት ይጀምራል፤ በጣም የሚከፋው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ነው። ከሳምንት በላይ ሊቆይም ይችላል። አሁን ደህና ምግብ ብይና አንድ ትንሽ ስኒ ጠጪ። ማቆም ከፈለግሽ በየጥቂት ቀኑ አንድ አንድ ስኒ ቀንሺ። ቁርስ አትዝለይ። የስኳሩን ነገር ለብቻው ሌላ ጊዜ ትሞክሪዋለሽ፤ ሁለቱን ባንዴ ከተውሽ የትኛው እንዳመመሽ በምን ታውቂያለሽ?

ነጭ ጋውን፦ ትክክል ነው፤ እኔም መጠየቅ ነበረብኝ። ሐኪም ያዘዘልሽ መድኃኒት ካለ ሕመሙ ሲጀምር ቶሎ መውሰድ ይሻላል። ተራ ማስታገሻ በወር ከ15 ቀን በላይ ከተዋጠ ግን ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። እጅ ከደነዘዘ፣ አንደበት ከተሳሰረ፣ ትኩሳትና የአንገት መገተር ካለ፣ ወይም ከለመድሽው የተለየ ከሆነ እዚህ አትጻፊ፤ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

የሌሊት ወፍ፦ እህት፣ እንዴት ሆንሽ?

የሌሊት ወፍ፦ እህት?

ፌዘኛው፦ ስልኩን ዘግታ ተኝታ ይሆናላ። አንተ አይደለህ ያልካት?

አዲስ ገቢ፦ ሻይ ብቻ የሚጠጣስ? እኔም ትናንት ነው ያቆምኩት።