አሎፑሪኖል ትራይግሊሰራይድም ያወርዳል? (የሪህ ታካሚ)

ጤና መኮንን፦
የ52 ዓመት ወንድ፣ ሪህና የደም ግፊት አለበት። በመጀመሪያው ምርመራ ዩሪክ አሲድ (ሪህ የሚያመጣው) 9.1፣ ትራይግሊሰራይድ (የደም ስብ) 310፣ ኤልዲኤል («መጥፎው» ኮሌስትሮል) 138 (ሁሉም ሚሊግራም በዴሲሊትር)። ዩሪክ አሲድ የሚያወርደው አሎፑሪኖል በ100 ሚሊግራም ተጀምሮ በየአራት ሳምንቱ እየተጨመረ 300 ደርሷል። በሦስተኛው ወር መጨረሻ ዩሪክ አሲዱ 5.6፣ ትራይግሊሰራይዱ 215፣ ኤልዲኤሉ 141 ሆነ። ከዚህ ሌላ ለሪሁ ኮልቺሲን 0.5 ሚሊግራም በቀን አንዴ፣ ለግፊቱ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ 25 ሚሊግራም ይወስዳል። ኩላሊቱ ደህና ነው። አሁን «የሪሁ መድኃኒት ስቡንም እያወረደልኝ ነው፣ የኮሌስትሮል ክኒን ለምኔ?» ይላል። እውነት አለው?

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦
የመጀመሪያው ደም መቼ ተወሰደ? ሪሁ ተነስቶ እግሩ አብጦ፣ ፕሬድኒሶሎን (ስቴሮይድ) እየዋጠ ከነበረ ያ 310 መነሻ ሊሆን አይችልም። ስቴሮይድ ትራይግሊሰራይድን ከፍ ያደርጋል፤ ብግነቱ (የእብጠቱ መቆጣት) ደግሞ ኤልዲኤልንና ኤችዲኤልን («ጥሩውን» ኮሌስትሮል) ለጊዜው ዝቅ ያደርጋል። ዩሪክ አሲድ ራሱ ሪህ በተነሳበት ሰሞን ዝቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል፤ «ኖርማል ነው፣ ሪህ አይደለም» ተብሎ የሚመለስ ሰው የማይጠፋው ለዚህ ነው። ሕመሙ ከበረደ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቆይቶ፣ ለ12 ሰዓት ምግብ ሳይቀምስ፣ መጠጥም ለሁለት ሦስት ቀን ትቶ መለካት አለበት። ያም ሆኖ ትራይግሊሰራይድ ያለ መድኃኒትም በ20 ከመቶ ገደማ ይዋዥቃል።

አሎፑሪኖል የሚያግደው ዛንቲን ኦክሲዴዝ የተባለውን ኢንዛይም ነው፤ ጉበት ስብ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች አብረው የሚወጡት ምንጫቸው ስለሚገናኝ ነው። ከለስላሳና ከጭማቂ የሚገባው ፍሩክቶስ ጉበት ውስጥ ሲሰባበር ኤቲፒ (የሕዋስ ኃይል ተሸካሚ) ይጨርሳል፤ የኤቲፒው ስባሪ ዩሪክ አሲድ ሲሆን የስኳሩ ትርፍ ወደ ትራይግሊሰራይድ ይለወጣል። ሰውነት ለኢንሱሊን አልታዘዝ ሲልም ኩላሊት ዩሪክ አሲድን ይይዛል፣ ጉበት ስብን ወደ ደም ይለቃል። አንዳንድ ጥናት በአሎፑሪኖል ትንሽ የስብ ቅናሽ አሳይቷል፣ ሌላው ምንም። ስታቲንን (የኮሌስትሮሉን ክኒን) የሚተካ ቅናሽ ግን የለም። በ2022 የወጣው ኦልሃርት የተባለ ጥናት ሪህ ለሌላቸው የልብ ሕሙማን እስከ 600 ሚሊግራም ሰጥቶ የልብ ድንገተኛ ሕመምንም ሆነ ስትሮክን አልቀነሰም።

ኤልዲኤሉ በስሌት የተገኘ ከሆነ በ138 እና በ141 መካከል ያለውን ልዩነት እርሱት። ትራይግሊሰራይድ ከፍ ባለ ቁጥር ስሌቱ ኤልዲኤልን አሳንሶ ያወጣል፣ ከ400 በላይ ሲሆን ጭራሽ አይሠራም። ከጠቅላላው ኮሌስትሮል ኤችዲኤልን ቀንሰው በሚቀረው ይከታተሉ።

ፋርማሲስት፦
ጥያቄውን ገልብጠው ቢያዩት ይጠቅማል፦ የግፊትና የስብ መድኃኒቶች ናቸው ዩሪክ አሲድን የሚነኩት። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ኩላሊት ዩሪክ አሲድን እንዲያስቀር ያደርጋል፣ ትራይግሊሰራይድንም በጥቂቱ ይጨምራል። ግፊቱ ከፈቀደ በሌላ የግፊት መድኃኒት፣ በሎሳርታን 50 ሚሊግራም ይቀየር፤ ዩሪክ አሲድን በሽንት ያስወጣል። ቫልሳርታን ይህ ጸባይ የለውም፣ «ያው አንድ ቤተሰብ ነው» ብለው እንዳይተኩት። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ፖታስየምና ክሬቲኒን ይታዩ።

ፌኖፋይብሬት የተባለው የስብ መድኃኒትም ዩሪክ አሲድን ያወርዳል፤ ግን ለ215 ብቻ አይሰጥም። ዋና ቦታው ትራይግሊሰራይድ 500 ሲያልፍና ቆሽት ሲያሰጋ ነው።

ስታቲን ከተጀመረ ኮልቺሲኑን አይርሱ። ሁለቱ አብረው ጡንቻ ሊጎዱ ይችላሉ፣ ኩላሊት ሲደክም ደግሞ ይብሳል። ደረጃ ሲወጣ ጭኑ ከዛለ ወይም ሽንቱ ከጠቆረ ሁለቱንም አቁሞ ይምጣ፣ ሲኬ (የጡንቻ ጉዳት የሚያሳይ የደም ምርመራ) ይለካለት። ክላሪትሮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ ሳያውቅ ከሌላ ክሊኒክ ታዞለት ከተጨመረማ አደጋው ሌላ ነው።

ጤና መኮንን፦
መዝገቡን አየሁት፣ ደሙ የተወሰደው ፕሬድኒሶሎን በጀመረ በአራተኛው ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ጠጅና ለስላሳ ትቷል፣ አራት ኪሎም ቀንሷል።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦
እንግዲህ ቅናሹ ከዚያ የመጣ ይመስላል፤ አሎፑሪኖሉ ዩሪክ አሲዱን አውርዷል፣ ሥራው እሱ ነው። ከ6 በታች ስለሆነ መጠኑን አይንኩት፤ ሪሁ ቢነሳም አያቋርጥ። ሽፍታ ከወጣበት ግን በዚያው ቀን ያቁም። ስታቲኑን የሚወስነው ዕድሜው፣ ግፊቱ፣ ስኳሩና ሲጋራው ተደምረው ነው፤ የጾም ስኳሩን እስካሁን አልጻፉም። የሚቀጥለውን የስብ ምርመራ ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ሎሳርታኑ ከረጋ ወዲያ ያድርጉት።