ከርከሮ የሚያሳድድ ሰው የሰው ማሳ ዝም ብሎ ይግባ?

ጥያቄው ከደቡብ ወሎ፣ ከቃሉ ወረዳ የመጣ ነው። ማሽላው እሸት ሲይዝ ጎረምሶች ተሰብስበው፣ ውሻ አስከትለው ከርከሮ ያሳድዳሉ። ከርከሮ ድንበር አያውቅም። አሳዳጆቹም ያገኙትን ማሳ እየጣሱ ያልፋሉ። ባለማሳውን ማስፈቀድ አለባቸው ወይስ የለባቸውም? ሐሳባችሁን ወዲህ በሉ።

ከሐርቡ፦ ማስፈቀድ ብሎ ነገር የለም። ማማ ላይ ብርድ እየጠጣሁ የከረምኩበትን ማሽላ አንድ መንጋ ገብቶ በአንድ ሌሊት ድራሹን ያጠፋዋል። ከኔ ማሳ ሲባረር ደግሞ የሚገባው ያንተ ውስጥ ነው። ታዲያ "ጌታው፣ ልግባ ወይ?" እያልኩ ደጅ ልጥና? ደግሞስ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ ተጽፏል። የግል መሬት የት አለና ነው?

ከሐይቅ፦ መሬቱ የመንግሥት ይሁን ወንድሜ፣ ማሽላው ግን የኔ ነው! የይዞታ ደብተሩም ላይ ያለው የኔ ስም ነው። ያ ሁሉ ሰው ከነውሻው ሲሮጥበት አገዳው ይሰባበራል። አንዳንዴ ከርከሮው ከበላው እናንተ የሰበራችሁት ይብሳል። ጤፍማ አንዴ ከተረገጠ አለቀለት።

ከወረባቦ፦ ስለ ሬሳው ማንም አላነሳም እኮ! ከርከሮን እስላሙም ክርስቲያኑም አይበላውም። ድኩላ ቢሆን በማን እጅ ይታረድ፣ ሥጋው ለማን ይድረስ ብለን እንነታረክ ነበር። ከርከሮ ሲሆን ግን ሁሉም የወደቀበት ጥሎት ውልቅ። ሽታው፣ ጅቡ፣ ጎትቶ ማውጣቱ ለባለማሳው ይቀራል። ወላሂ ከመግባታቸው በላይ የሚያናድደኝ ይኼ ነው። የገደለ ራሱ ጎትቶ ይቅበር።

ከመካነ ሰላም፦ ኧረ ሕግም አለ። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን በአዋጅ ክልክል ነው። ከእህል ማባረር ሌላ፣ ተከታትሎ መግደል ሌላ። እኛ ደግሞ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ጎረቤቶች ነን። እዚያ ቀይ ቀበሮ አለ፤ በዓለም የቀረው ጎልማሳ ከ500 አይበልጥም። የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ይጋባበታል። ውሻችሁን ስትለቁ ይኼንንም አስቡ።

ከሐርቡ፦ ቀይ ቀበሮ የደጋ እንስሳ ነው፤ እኛ ቆላ ምን ሊያደርግ ይወርዳል? ስለ ሬሳው ግን እውነት ነው፣ አልከራከርም።

ከአምባሰል፦ እናንተ ወንዶች ነገሩን አከበዳችሁት። አስፈቅዱ ሲባል እኮ ማመልከቻ ጻፉ ማለት አይደለም። ማታ አንድ ልጅ ላኩና "ነገ ጠዋት በናንተ በኩል እናልፋለን" በሉ። በቃ። እኔም ልጆቼን ከማሳ አስወጣለሁ፣ ከብቴንም አርቃለሁ። በወንጭፍ የተወረወረ ድንጋይ ማን ላይ እንደሚያርፍ ማን ያውቃል? አገዳው መሃል ጎንበስ ብሎ የሚያርም ሰው ቢኖርስ? ከዚያ ደግሞ በወሰኑ በወሰኑ ሂዱ፤ ከርከሮው መሃል ከገባ ከዳር ጩኹበትና ራሱ ይወጣል።

ከሐርቡ፦ እሺ እመቤት፣ ልጅ እልካለሁ። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ሳይታሰብ ቢመጣስ?

ከሐይቅ፦ ያኔማ ጎረቤቴ ብትሆን ጩህ እልሃለሁ፣ እኔም ዱላዬን ይዤ እወጣለሁ። በጤፉ በኩል ግን እንዳትመጣ።