ስማችን አደባባይ ሳይወጣ እንዴት እንደራጅ?

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የምንኖር ኩዊር ሐበሾች ነን። ሠዓሊ፣ ገጣሚ፣ ክራር ተጫዋች አለን። በየወሩ አንዳችን ቤት እንሰበሰባለን። ቡና ይፈላል፣ ግጥም ይነበባል፣ ሥዕሎቹ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ በፕላስተር ይለጠፋሉ። አሁን ግን ሳሎን አልበቃንም።

ለአዳራሽ ኪራይ የጥበብ ድጋፍ ስንጠይቅ "ሕጋዊ ድርጅት ሁኑ" ተባልን። ለ501ሲ3፣ ማለትም ከፌዴራል ግብር ነፃ ለሆነ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ዕውቅና፣ በአጭሩ ቅጽ በፎርም 1023-ኢዜድ ማመልከቻው 275 ዶላር ነው፤ እሱን እናዋጣለን። ጭንቁ ስም ነው። የቦርድ አባላት ስም እዚያ ላይ ይሰፍራል፣ ማንም ሊያየው ይችላል። ቤተሰቦቻችን ኢትዮጵያ ናቸው። እዚያ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ያስቀጣል። ገና ለእናታቸው ያልነገሩ ልጆች አሉን፤ ወሬው በስክሪንሾት ቀድሟቸው እንዲደርስ በፍጹም አልፈልግም።

ፊስካል ስፖንሰር፣ ማለትም በሌላ ድርጅት ጥላ ሥር መሥራት፣ የተሻለ መሰለን። ያነጋገርነው ድርጅት ከሚገባው ገንዘብ 10 በመቶ እቆርጣለሁ አለ። ይሁን አልን። ውሉ ግን የሁላችንም ስም ድረ ገጹ ላይ እንዲወጣ ይጠይቃል። እዚህ ላይ ቆምን።

በዚህ መንገድ ያለፋችሁ፣ የአንድ ተጠሪ ስም ብቻ ይዞ የሌሎቻችንን የማያወጣ ፊስካል ስፖንሰር የት አገኛችሁ?