«ፊልም ቀረጸ» ወይስ «ፊልም አነሳ»?

ግስ ፈላጊ፦ ጤና ይስጥልኝ። አንድ ቃል ሲያስቸግረኝ ሰነበተ። እርሳስ እንቀርጻለን፣ እንጨት እንቀርጻለን፣ ፊልምም እንቀርጻለን። እርሳሱና እንጨቱ በስለት ነው፤ ፍቅፋቂ ይወጣቸዋል። ካሜራ ግን ምኑን ይፍቃል? «አነሳ» አይሻልም ነበር?

የሰዋስው ልጅ፦ እኔ «ቀረጸ» ከድምፅ ተሻግሮ ወደ ምስል የመጣ ይመስለኛል፤ ግምቴ ነው። ለድምፅ ከሆነ ደግሞ ፍቅፋቂውም አለ! ድምፅ አልባው ፊልም አፉን መፍታት ሲጀምር፣ እ.ኤ.አ. በ1927 አካባቢ፣ ቪታፎን የሚባለው ዘዴ ድምፁን ፊልሙ ላይ ሳይሆን ሸክላ ላይ ነበር የሚያስቀምጠው። ተዋናዩ ሲናገር መርፌ በሚሽከረከር ሰም ላይ እየቦረቦረ መስመር ያወጣል፤ ሸክላው የሚባዛው ከዚያ ሰም ነው። ይሄ እንግዲህ መቅረጽ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

አንዱ ሸክላ 11 ደቂቃ ያህል ይጫወታል፤ የዚያን ጊዜ የአንድ ጥቅል ፊልም ልክ። ጣጣው ፊልሙ ሲበጠስ ነው። ሲቀጠል ጥቂት ምስል ከጎደለ ሸክላው አብሮ አይዘልም፤ ሰውየው አፉን ከዘጋ በኋላ ድምፁ ይመጣል። ስለዚህ በጎደለው ልክ ጥቁር ፊልም መሃል ላይ ይገባ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ድምፁ በብርሃን ፊልሙ ጠርዝ ላይ መታተም ጀመረ፤ ቃሉም ከዚያ ወዲህ ፍቺው ዘይቤያዊ ሆነ።

«አነሳ» ለፎቶ ይቆይልን። ፎቶ «ተነሳሁ» እንላለን፣ ቪዲዮ ግን «ተቀረጽኩ»።

ባለጥቅሉ፦ እኔ ከዲጂታል በፊት ሲኒማ ቤት ማሽን ክፍል ሠርቻለሁ። ለእኛ «ረጅም ፊልም» ማለት በሜትር የሚለካ ርዝመት ነው። ባለ 35 ሚሊ ሜትሩ በሰከንድ 24 ምስል ሲሮጥ በደቂቃ 27 ሜትር ይጨርሳል። የ2 ሰዓት ፊልም ቢዘረጋ ከ3 ኪሎ ሜትር ይበልጣል!

በእኛ ጊዜ አንዱ ጥቅል 20 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ማሽኖቹ ሁለት ናቸው። ጥቅሉ ሊያልቅ ሲል ከላይ በቀኝ ጥግ ነጥብ ብልጭ ትላለች፤ የሁለተኛውን ሞተር ታስነሳለህ። ሰባት ሰከንድ ያህል ቆይታ ሌላ ነጥብ፤ ታቀያይራለህ። ተመልካቹ ታሪኩን ያያል፣ እኔ ጥጉን። ዛሬም ቤቴ ስቀመጥ ዓይኔ እዚያው ይሄዳል።

ግስ ፈላጊ፦ ታዲያ ጥቅሉ ከቀረ «ፊልም» የምንለው ምኑን ነው?

የሰዋስው ልጅ፦ ከመነሻው በእንግሊዝኛ ስስ ሽፋን ማለት ነው። ሽፋኑ ጠፋ፣ ስሙ ቀረ። እኔን የሚከነክነኝ ግን «አርትዖት» ነው። ሥሩ ረትዐ፣ ቀና ማለት፤ ለጽሑፍ ያምርበታል። የፊልም ሰው ግን የሚያቀና አይደለም፤ ነገን ከትናንት ያስቀድማል፣ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎችን ያስተያያል። በመቀስና በማጣበቂያ ሲሠራም፣ በኮምፒውተር ሲሠራም «ቅንብር» ይበልጣል ባይ ነኝ።

ጨዋታ ወዳድ፦ «ፊልም አወረድኩ»ንስ ረሳችሁት? ልጄ ትናንት በሁለት ደቂቃ አወረድኩት አለኝ።

ባለጥቅሉ፦ እኛም እናወርድ ነበር፣ ከመኪና ላይ። ወገቤን እስካሁን ያመኛል።