ዙፋኑ ሲወድቅ ባለታሪኳ እዚያ ካልነበረችስ? (ስለ ልዕልት ካዩላኒ ለልጆች ልቦለድ መጻፍ)

የቀለም ጠብታ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከ10 እስከ 13 ዓመት ላሉ ልጆች በአማርኛ ታሪካዊ ልቦለድ እያዘጋጀሁ ነው፤ ባለታሪኳ የሐዋይ ልዕልት ካዩላኒ ናት። መረጃ አልቸገረኝም፤ የቸገረኝ አወቃቀሩ ነው። ጃንዋሪ 17 ቀን 1893 (ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አክስቷ ንግሥት ሊሊኡኦካላኒ ከዙፋን ሲወርዱ አልጋ ወራሿ 17 ዓመቷ ነው፤ ያለችውም ለትምህርት በተላከችበት በእንግሊዝ አገር። የመጽሐፉ ትልቁ ቀን ባለታሪኳ በሌለችበት ያልፋል ማለት ነው።

ልቦለድ ነውና በዚያ ሳምንት ሆኖሉሉ እንድትገኝ ባደርግ ነውር ይሆናል? ከየት ልጀምር፣ የትስ ላቁም? በ23 ዓመቷ መሞቷ ለዚህ ዕድሜ አይከብድም? ደግሞ ተራኪው «እሷ» ይበላት ወይስ «እሳቸው»?

ገጽ በገጽ፦

አያምጧት። የታሪክ ልቦለድ ጸሐፊ ሰነድ ዝም ባለበት እንደልቡ ይፈጥራል፤ ሰነድ በተናገረበት ግን እጁ የታሰረ ነው። ካዩላኒ በዚያ ሳምንት የት እንደነበረች በደንብ ይታወቃል። ደግሞስ ሆኖሉሉ ብትገኝ ምን ልታደርግ ነው? በመስኮት ወታደር ስታይ ከመዋል ሌላ ሥራ አይኖራትም። ርቀቱ ግን ራሱ ታሪክ ይሠራልዎታል።

በ1893 ሐዋይን ከሌላው ዓለም የሚያገናኝ የቴሌግራፍ ገመድ አልነበረም፤ የፓስፊኩ ገመድ ሥራ የጀመረው በ1903 ነው። ወሬ መጀመሪያ በመርከብ ሳን ፍራንሲስኮ መድረስ አለበት፤ በሽቦ የሚሮጠው ከዚያ ወዲያ ነው። ንግሥቲቱን ያወረዱት ሰዎች ያቆሙትን የአዲሱን መንግሥት መልእክተኞች የጫነችው ክላውዲን የተባለች መርከብ ጃንዋሪ 19 ተነሥታ በ28 ሳን ፍራንሲስኮ ገባች። ወሬው እንግሊዝ የደረሰው ጃንዋሪ 30 ነው። ልጅቷ እንግዲህ 13 ቀን ሙሉ የሌለ ዙፋን ወራሽ ሆና ትማራለች፣ ትስቃለች፣ ደብዳቤ ትጽፋለች። መጽሐፉን ተሸክመው የሚያቆሙት እነዚህ 13 ቀናት ናቸው።

ለዚህ ክፍል ስድስት አጫጭር ምዕራፎች ይመድቡና በየአናታቸው ቦታና ቀን ይጻፉ። የሆኖሉሉው ከአንድ ገጽ አይለፍ፤ የእንግሊዙ አራት ገጽ ይሁን። ጃንዋሪ 14 ንግሥቲቱ አዲስ ሕገ መንግሥት ሊያውጁ ሲሞክሩ፤ ጃንዋሪ 16 «ቦስተን» ከተባለው የጦር መርከብ 162 የአሜሪካ ወታደሮችና መርከበኞች ሲወርዱ፤ ጃንዋሪ 17 ንግሥቲቱ ደም እንዳይፈስ ብለው፣ ተቃውሟቸውን በጽሑፍ አስፍረው፣ ሥልጣናቸውን ለአመፀኞቹ ሳይሆን ለአሜሪካ መንግሥት ሲለቁ። ከእያንዳንዱ ቀጥሎ የልጅቷ ተራ ቀን ይግባ፦ የቋንቋ ትምህርት፣ ብርድ፣ የቤት ናፍቆት። አንባቢው ያውቃል፣ እሷ አታውቅም፤ ገጹን የሚያስገልጠው ይህ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጸሐፊ የሚያበላሸው በምልክት ነው። ዘውድ ሲወድቅ በሕልሟ ታያለች፣ ብርጭቆ ከእጇ ያመልጣል፣ ወፍ በመስኮቱ ይጮኻል። አንዱንም አያስገቡ። ነገር እንደመጣባት አስቀድማ ከጠረጠረች የ13ቱ ቀን ጉልበት እዚያው ያልቃል።

ቴሌግራሙ የመጣው ለአሳዳጊዋ ለቴዎ ዴቪስ ነው፤ ሦስት አጭር ነገር ይዞ፦ ንግሥቲቱ ወርደዋል፣ ዘውዱ ተሽሯል፣ ወሬውን ለልዕልቲቱ ንገር። ምዕራፉም እንደ ቴሌግራሙ አጭር ይሁን፤ ከ600 ቃል አይብለጥ። ዴቪስ ወንበር ስቦ ፖለቲካ እንዲያብራራ ከፈቀዱለት ልጁ መጽሐፉን ይዘጋዋል።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ አብቅቶ መንቀሳቀስ ይመጣል። ማርች 1 ኒውዮርክ ትገባለች፤ ማርች 13 ዋሽንግተን ላይ ፕሬዚዳንት ግሮቨር ክሊቭላንድንና ባለቤታቸውን ታገኛለች። ወጥመዱ እዚህ ነው። ክሊቭላንድ ሐዋይን ወደ አሜሪካ የሚቀላቅለውን ውል ከሴኔቱ መልሰው የወሰዱት ማርች 9 ነው፤ እሷን ከማየታቸው አራት ቀን በፊት። «ልዕልቷ አልቅሳ ውሉን አስቀረች» የሚል ትዕይንት ቢያምርም ሐሰት ነው። የሆነው የአክብሮት ጉብኝት ነበር፤ ዙፋኑን የሚመልስ ቃል ይዛ አልወጣችም። ይህም ራሱ ጥሩ ምዕራፍ ይወጣዋል፦ ሁሉም ደግ ሆኖላት እጇ ባዶ የምትወጣ ልጅ።

ደብዳቤዎችን በተመለከተ፣ ከሆኖሉሉ እንግሊዝ ለመድረስ መርከብ፣ ባቡር፣ ከዚያም ሌላ መርከብ ስላለ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ያስሉ፤ ለመልሱም ያንኑ ያህል። ፌብሯሪ አጋማሽ ላይ የተጻፈ ደብዳቤ እንግሊዝ ሲገባ እሷ አሜሪካ ናት። የተጻፈበትን፣ የደረሰበትንና የተነበበበትን ቀን በሦስት ዓምድ ካልያዙ ገጸ ባሕርይዎ ያልደረሰውን ደብዳቤ ሲመልስ ይገኛል።

ሦስተኛ ረቂቅ፦

ከላይ በተባለው እስማማለሁ። እኔ ወደ ቋንቋው ልሂድ።

ተራኪው «እሷ» ይበል። «እሳቸው» ካለ ልጁ አንባቢ ከደጅ ቆሞ ይቀራል። የአክብሮቱን ሥራ ለገጸ ባሕርያቱ ይተዉላቸው፦ አገልጋዮቹ «እርስዎ» ይሏታል፣ አባቷ «አንቺ» ይላታል፣ እሷ ደግሞ ንግሥቲቱን ለብቻቸው ሲሆኑ «አክስቴ»፣ ሰው ፊት «ግርማዊት ሆይ» ትላለች፤ በሁለቱም ቦታ «እርስዎ» ሳይለወጥ። ይህ በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ከጸና፣ መንግሥቱ ከወደቀ በኋላ አንድ ቀድሞ አጎንብሶ ያናግራት የነበረ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር መሐል ወደ «አንቺ» ይለፍ። አንዴ ብቻ፣ ያለ ምንም ማብራሪያ። አሥር ዓመት የሞላው ልጅ ወዲያው ይገባዋል።

እሷንም «ንግሥት» እንዳይሏት፣ የጀርባ ሽፋኑ ላይ እንኳ። ከማርች 1891 ጀምሮ አልጋ ወራሽ ነበረች እንጂ አልነገሠችም።

የስም ብዛት ልጅ ያሸሻል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ምዕራፎች ከአምስት የሐዋይ ስም አይለፉ፤ የእሷ፣ የእናቷ የሊኬሊኬ፣ የአጎቷ የንጉሥ ካላካዋ፣ የንግሥቲቱና የቤታቸው የአይናሃው ስም ብቻ ቁጥሩን ይሞላል። «ሊሊኡኦካላኒ» ጮክ ብሎ ለሚያነብ ልጅ ከባድ ነው፤ ለሥነ ሥርዓት ቦታ ያስቀምጡትና በሌላው ጊዜ «ንግሥቲቱ» ይበሉ። የእያንዳንዱን ስም አጻጻፍ መጀመሪያ ቀን ወስነው በወረቀት ይያዙ፤ አለዚያ ካዩላኒ በመጽሐፉ አጋማሽ ካይኡላኒ ትሆናለች።

ቀን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር መመለስ ካስፈለገ ይጠንቀቁ። ጃንዋሪ 17 ቀን 1893 የሚውለው ጥር 10 ቀን 1885 ነው። በዛሬው ልዩነት በእጅ ያሰላ ሰው ጥር 9 ይለዋል፤ የ1900 ፌብሯሪ 29ኛ ቀን ስላልነበረው ልዩነቱ ከዚያ ወዲህ በአንድ ቀን ጨምሯል። ማረጋገጫው ዓድዋ ነው፦ የካቲት 23 ቀን 1888 ማርች 1 ላይ ነበር፤ አሁን የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ነው። በምዕራፎቹ አናት የአውሮፓውን ብቻ ይጠቀሙና በመግቢያው «ከዓድዋ ድል ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ» ቢሉ ልጁ ዘመኑን ይይዘዋል።

ርዝመቱ 22 ምዕራፍ፣ እያንዳንዱ ወደ 1,200 ቃል ቢሆን ለዚህ ዕድሜ ይበቃል። ለሠዓሊው ደግሞ አስቀድመው ይንገሩት፦ የኢዮላኒ ቤተ መንግሥት በ1882 የተጠናቀቀ የድንጋይና የጡብ ሕንፃ ነው፤ የኤሌክትሪክ መብራትም ከዋይት ሐውስ ቀድሞ ገብቶለታል። ካልተነገረው የሣር ጎጆና ዘንባባ ሥሎ ያመጣል።

የቀለም ጠብታ፦

13ቱን ቀን ብቻ ስሰማ አቀማመጡ ተለወጠልኝ። አመሰግናለሁ። የቀሩኝ፦ ከአመፁ ጀርባ ያለው የስኳር ንግድ ጉዳይ ለልጅ እንዴት ይገባል? ክፉው ሰውስ ማን ይሁን? ሆኖሉሉ ውስጥ ዓይን የሚሆነኝ ሰው ከየት ላምጣ?

ማኅደር፦

ስኳሩ አንድ ገጽ ይበቃዋል፤ ግን ከምዕራፍ አምስት በፊት ይግባ። በ1875 በተፈረመው ውል የሐዋይ ስኳር አሜሪካ ያለ ቀረጥ ይገባ ጀመር፤ እርሻው ሰፋ፣ ባለ እርሻዎቹ ከበሩ። በ1890 የአሜሪካ ምክር ቤት የሌላውንም አገር ስኳር ከቀረጥ ነፃ አደረገና ለራሱ አገር አምራቾች በአንድ ፓውንድ ሁለት ሳንቲም ድጎማ ሰጠ። የሐዋዩ ጥቅም ባንድ ጊዜ ሄደ። «የአሜሪካ ግዛት ብንሆን ድጎማው ለእኛም ነበር» የሚል ሐሳብ እንዴት እንደሚወለድ ለማሳየት አንድ ሒሳብ ያዥና ከጎኑ ጆንያ የሚቆጥር ልጅ ይበቃሉ። የ1887ቱን ሕገ መንግሥትም እዚያው ያንሡት፤ ንጉሥ ካላካዋ በጦር መሣሪያ ማስፈራሪያ የፈረሙት፣ በሀብት መለኪያ ብዙ የአገሩን ተወላጆች ከምርጫ ያስወጣ ነው። ያ ከሌለ ንግሥቲቱ በ1893 ለምን አዲስ ሕገ መንግሥት እንደፈለጉ አይታወቅም።

ክፉን በቆዳ ቀለም አይለዩ፤ ታሪኩ ራሱ አይፈቅድም። የገዛ አባቷ አርቺባልድ ክሌግሆርን ስኮትላንዳዊ ነው። ከጎኗ የቆመው ዴቪስ እንግሊዛዊ ነጋዴ ነው፤ ያውም በስኳር የተጠቀመ። የአዲሱ መንግሥት መሪ ሳንፎርድ ዶል ደግሞ የሚሲዮናውያን ልጅ ሆኖ እዚያው ሆኖሉሉ የተወለደ ነው።

ከጠላት ይልቅ ግን እኔ የምደክምበት በአክስትና በእኅት ልጅ መካከል ያለው ነገር ነው። በ1893 ንግሥቲቱን አውርዶ ልጅቷን በሞግዚት አስተዳደር ማንገሥ የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር፤ ዶል አንሥቶታል፣ አባቷም ሞክሮታል። በ1894 መጀመሪያ ንግሥቲቱ ዙፋን ቢቀርብላት እንዳትቀበል ጻፉላት፤ እሷም እንደማትቀበል መለሰች። ዘውዱን የምታገኘው አክስቷን ከድታ ብቻ ቢሆንስ? ይህን ጥያቄ አስቀድመው በትንሽ ነገር ይዝሩት፤ በአሻንጉሊትም ቢሆን።

ለሆኖሉሉው ዓይን የፈጠራ ልጅ ያምጡ፤ የአይናሃው አትክልተኛ ልጅ ብትሆን ጣዎሶቹንም ቤቱንም ታውቃለች። ጥቅሟ በ1893 አያበቃም። በ1897 ሐዋይ ወደ አሜሪካ መቀላቀሏን በመቃወም ከ21,000 በላይ ፊርማ ሲሰበሰብ ከእናቷ ጋር ቤት ለቤት ትዞራለች። አዲሱ የመቀላቀያ ውል ሴኔት ውስጥ የሚፈለገውን ድምፅ ሳያገኝ ቀርቷል፤ መቀላቀሉ በጁላይ 1898 ያለፈው ተራ አብላጫ በሚበቃው በሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ውሳኔ ነው። ተራ ሰው እጅ እንደነበረበት ካልታየ መጽሐፉ የቤተ መንግሥት ሐሜት ብቻ ይሆናል።

የልዑል ዓለማየሁን ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ ሁለቱን ማገናኘቱ አይቀርም። ግን እሱ ከመቅደላ በጦር ሠራዊት የተወሰደ ሕፃን ነው፤ እሷን የላኳት የገዛ ቤተሰቦቿ ናቸው። የእሱን ኀዘን ለእሷ አያልብሷት።

መነሻው ሜይ 1889 መርከቡ ላይ ይሁን፤ 13 ዓመቷ ነው፣ እናቷ ከሞቱ ሁለት ዓመት አልፏል። የተነገራት ለአንድ ዓመት እንደምትሄድ ነበር፤ የተመለሰችው በኖቬምበር 1897 ነው። እስከ ማርች 1893 ድረስ 18 ምዕራፍ ይውሰዱ። ከዚያ ይዝለሉና በቀሪዎቹ አራት ምዕራፎች አገሯ ገብታ 22 ዓመቷን ይያዙ፤ ከዚህ ከበዛ ባለታሪኳ ለአንባቢው ታረጅበታለች። መዝጊያው ኦገስት 12 ቀን 1898 ነው፦ የሐዋይ ባንዲራ ሲወርድ ንግሥቲቱና እሷ ከሥነ ሥርዓቱ ቀርተው በንግሥቲቱ ቤት ከወዳጆቻቸው ጋር ተቀምጠዋል።

ሞቷን ትዕይንት አያድርጉት። በታሪክ ማስታወሻው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ ዝናብ ውስጥ በፈረስ ስትጋልብ ታማ ማርች 6 ቀን 1899 በቤቷ አረፈች። «ልቧ ተሰብሮ ሞተች» የሚለውን ይተዉት። ማስታወሻው ከ700 ቃል አይለፍ፤ ግማሹ የተፈጠረውን ይዘርዝር፦ የአትክልተኛው ልጅ፣ ደብዳቤዎቿ፣ በግል የተባሉት ንግግሮች ሁሉ። በአደባባይ የተናገረችውን ግን ከተመዘገበው ውጭ በአፏ አያስገቡላት።