ብስክሌትና ፍል ውሃ በአንድ ጉዞ፦ ናይቫሻ ያዋጣል?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ከባለቤቴና ከ13 ዓመት ልጃችን ጋር ለእረፍት ናይሮቢ ልንሄድ ነው። ሁለት ቀን ለናይቫሻ ሐይቅ አካባቢ መድበናል። ሄልስ ጌት ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በብስክሌት መዞር ይፈቀዳል አሉ፤ እዚያው ኦልካሪያ ላይ የከርሰ ምድር እንፋሎትና የፍል ውሃ መዋኛ አለ። እኔ እሁድ እሁድ እንጦጦ እወጣለሁ። ባለቤቴ ግን ከልጅነቷ ወዲህ ብስክሌት ነክታ አታውቅም። የራሴን ብስክሌት ይዤ ልሂድ ወይስ እዚያ ልከራይ? ሁለቱንስ በአንድ ቀን ማዳረስ ይቻላል? አውሬውስ?

የናይሮቢ ነዋሪ
ብስክሌትህን እቤት ተወው ወንድሜ። ፈቶ ማሸጉ፣ ለጭነት መክፈሉ... ለሁለት ቀን ምን አደከመህ? ከሐይቁ ዳር መንገድ ወደ ፓርኩ መግቢያ፣ ወደ ኤልሳ በር፣ መታጠፊያው ላይ የሚያከራዩ ሞልተዋል። ብቻ የሰጡህን ሁሉ አትቀበል። ፍሬኑን ጥርቅም አድርገህ ያዝና ብስክሌቱን ወደፊት ግፋ። ጎማው ከዞረ ሌላ አስመጣ። ማርሹን ሁሉ ቀያይረህ ሞክር። የባለቤትህን ኮርቻ በቁመቷ አስተካክሉላት፤ ዝቅ ካለ ጉልበቷን ያማታል። ፓምፕና የጎማ መለጠፊያም ጠይቅ። የግራር እሾህ አይምርም፣ ውስጥ ደግሞ ጎሚስታ የለም።

የፓርኩን መግቢያ በጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም። ክፍያው በመንግሥት ድረ ገጽ፣ በኢ-ሲቲዝን ነው። ማታ ሆቴል ሆናችሁ ጨርሱት። በር ላይ ኔትወርክ እየፈለጉ ፀሐይ መመታት ምን ያደርጋል።

አስጎብኚ ነኝ
ስለ አውሬው ብዙ አትጨነቅ። ፓርኩ 68 ኪሎ ሜትር ካሬ ገደማ ነው፤ የአንበሳና የዝሆን ፓርክ አይደለም። የሜዳ አህያ፣ ቀጭኔና ከርከሮ መንገድ ዳር ሲግጡ ታገኛላችሁ። ልብ የምትሉት ጎሽን ነው። መንገድ ላይ ካያችሁት ቁሙ፣ እስኪያልፍ ጠብቁ፤ ለፎቶ ብሎ መጠጋት የለም። ዝንጀሮዎቹ ደግሞ ሙዝና ዳቦ ከእጅ ይነጥቃሉ፣ ምሳችሁን ቦርሳ ውስጥ ቆልፉ።

ከበሩ ገባ እንዳላችሁ ፊሸርስ ታወር የሚባለው የድንጋይ ዓምድ አለ፣ 25 ሜትር ይሆናል። እስከዚያ ለባለቤትህ ጥሩ መለማመጃ ነው። ከዚያ በኋላ መንገዱ አቧራማ ኮረት ነው፤ አሸዋ ላይ የፊት ፍሬን አትያዙ።

አንድ ነገር ግን በቀልድ አትዩት። ኦል ንጆሮዋ የሚባለው ጠባብ ሸለቆ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012 ሰባት ሰው፣ በ2019 ደግሞ ሰባት ሰው ጎርፍ ወስዷል። እናንተ ጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ ከላይ ከዘነበ ውሃው ድንገት ይደርሳል። ክፍት ነው ወይ ብላችሁ ጠባቂዎቹን ጠይቁ። ደመና ካለ ከላይ አይታችሁ ተመለሱ።

የእንፋሎት ጉድጓድ ሠራተኛ
በአንድ ቀን አትሞክሩት። ወደ ኦልካሪያ ያለው ዳገት እንጦጦ ለለመደ ሰው ምንም አይደለም፤ ለባለቤትህ ግን ቅጣት ነው። የመጀመሪያው ቀን ለብስክሌት፣ ሁለተኛው ቀን በመኪና ለኦልካሪያ ይሁን።

መኪናዋን ቀስ እያላችሁ ንዱ፣ ማየቱ ደስ ይላል። የእንፋሎት ጉድጓዶቹ እስከ 3 ኪሎ ሜትር ይወርዳሉ። የሚወጣው እንፋሎት በብርማ ቱቦ ኤሌክትሪክ ወደሚያመነጨው ተርባይን ይሄዳል። ቱቦው በየቦታው በር መስሎ የሚታጠፈው ሙቀት ሲለጥጠው እንዳይሰበር ነው። የመጀመሪያው ማመንጫ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። መዋኛው ውስጥ ያለው ደግሞ ከእንፋሎቱ ተለይቶ የሚቀረው ጨዋማ ውሃ ነው፤ ሰማያዊ ሆኖ ወተት የነካው ይመስላል። ሽታው የተበላሸ እንቁላል ነው፤ ከአፍታ በኋላ ይለመዳል። የብር መስቀል ወይም ቀለበት ካላችሁ አውልቁ፣ ይጠቁራል። ልጁ ብዙ ሳይቆይ እየወጣ ውሃ ይጠጣ።

ሌላ አባል
ይህን ሁሉ ወጪ ከማውጣት ሻላ አይቀርብም? ፍል ውሃው ሐይቁ ዳር ይንተከተካል፣ እንቁላል ይቀቅሉበታል። ስምጥ ሸለቆው እንደሆነ ያው አንድ ነው።

ጠያቂው
ሻላ አይተነዋል፣ ደግሞ የናይሮቢ ትኬቱ ተቆርጧል። እግዜር ይስጥልን። ኮርቻና ፍሬን ገብቶኛል፤ ሸለቆውን ለጠባቂዎቹ ትቼዋለሁ። አንድ የቀረኝ፦ ሐይቁ ዳር ድንኳን ይሻላል ወይስ ክፍል?

የናይሮቢ ነዋሪ
ልጅ ካለ ክፍል። ጉማሬ ማታ ማታ ሣር ሊግጥ ይወጣል። ድንኳን ካማራችሁ በኤሌክትሪክ አጥር የታጠረ ግቢ ምረጡ፣ ከመሸ በኋላም ወደ ውሃው አትውረዱ።