ሙሺሺን ልቀጥል ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፦ ሰላም የሐዋሳ ልጆች! ሙሺሺ የሚባለውን አኒሜ (የጃፓን ተከታታይ ካርቱን) ያየ አለ? ስዕሉ ያምራል፣ ግን ፍልሚያ የሚባል ነገር የለም፣ እንቅልፍ ሊወስደኝ ነበር። ልቀጥል?

መልስ፦ ቀጥል ባክህ። የ2005 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ነው፣ 26 ክፍል፣ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ታሪክ ስለሆነ ዋናው ጠላት መቼ ይመጣል ብለህ አትጠብቅ፤ ሙሺ የሚባሉት ረቂቅ ፍጥረታት ክፉ መናፍስት አይደሉም፣ እንደማንኛውም ፍጥረት ለመኖር ነው የሚሞክሩት፣ ሰው የሚጎዳው መንገዳቸው ላይ ሲገኝ ነው። ጫካውና ጭጋጉን ግን በስልክ አትየው፣ ያሳዝናል።

ሌላ መልስ፦ እኔ ዋናው ገጸ ባሕሪ ጊንኮ አልተመቸኝም። ይመጣል፣ ያክማል፣ ይሄዳል። ሰውየው አይለወጥም! የየክፍሉ እንግዶች ይሻላሉ።

መልስ፦ ክፍል 12ን አይተኸዋል? አንድ ዓይኑን እንዴት እንዳጣ እዚያ ነው ያለው።

ጠያቂው፦ እሺ፣ መብራት ካልሄደ ዛሬ ማታ እቀጥላለሁ።